የቄሱ ፋሻ

ቅዳሴው እንዳበቃ ይማርሽ ባሏን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ቆመው አገኘቻቸው። ቄስ ናቸው፤ ግን መቅደስ ሳይገቡ ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆመው ሲያስቀድሱ ይሄ ሦስተኛ እሑዳቸው ነበር። የሚደማ ቁስል ያለበት ቄስ መቅደስ አይገባምና፣ ሰው ሁሉ አውራ ጣታቸው ላይ የተጠቀለለውን ፋሻ እያየ "እግዜር ይማርዎ" ብሎ ያልፋል።

"እስኪ ጣትዎን ያምጡት፣ ፋሻውን ልቀይርልዎ" አለቻቸው።

"ተይው፣ ገና አልደረቀም።"

አልተወችውም። እጃቸውን ይዛ ፋሻውን ቀስ እያለች ፈታችው። እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ነጭ ነበር፤ ጣታቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም። ቄሱ አቀረቀሩ። ፋሻው የታሰረው ጋሸና ከተማ ሰንብተው በተመለሱ ማግስት ነው። ከሌላ ሴት ጋር ያደረ ቄስም መቅደስ እንደማይገባ ይማርሽ ታውቃለች፤ እሷም የቄስ ልጅ ናት።

"ማናት?"

ፋሻውን አጥብቃ ጠቀለለችና መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

"እግዜርን ፈርተው ከመቅደሱ ቀሩ፤ ደግ አደረጉ" አለች ነጠላዋን እያጣፋች። "ከእኔም ቤት እንዲሁ ይቅሩ።"