«እኔ ነኝ» ማለት አይበቃም

የናሁሰናይ ቤት በር ከኩባንያዎች ቀንበር ነፃ መውጣቱ በታላቅ ክብር ይበሰራል! በሮች ሁሉ ሰውን በድምፁ በሚለዩበት በዚህ ዘመን፣ የእሱን በር የሚያዘው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው የራሱ ሰርቨር ነው። ደንቡንም የጻፈው ራሱ ነው፦ ናሁሰናይ ዓመት ሙሉ ያላነጋገረው ሰው ድምፅ ይሰረዝ።

ቅዳሜ ዕለት እናቱ ከፍቼ መጥተው አንኳኩ።

«ማነው?» አለ በሩ፣ በናሁሰናይ ድምፅ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«አላውቅዎትም።»

አጠገባቸው የቆመው የቤቱ ውሻ ጮኸ። «ግባ፣ ቡቺ!» ብሎ በሩ ተከፈተ።

እናቱ ውሻውን ተከትለው ገቡ። ናሁሰናይ ኮሪደሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የምትለኝ?»

ወንበር ሳበላቸው።

«ተበላሽቶ ነው በለኛ!»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ?»

«እማዬ፣ ቁጭ በይ። ሰበብ አልደረድርም።»