አባትሽን ሰላም በይልኝ

ብቻዋን ወደ ጤና ጣቢያ የመጣችው ተማሪ የሹራቧን እጅጌ ቀስ ብላ መሰብሰብ ጀመረች። በገዛ እጇ ያደረሰችው ቁስል ጫፉ ብቅ አለ። ሲስተር ጽጌማርያም ደነገጠች፤ ድንጋጤዋንም ለመሸፈን የዲላ ከተማ ሰው ሁሉ ሲገናኝ የሚያስቀድመውን ጥያቄ ጠየቀች።

«አንቺ የባለሱቁ የጋሽ ኸድሩ ልጅ አይደለሽ? አባትሽ ደህና ናቸው? ሰላም በይልኝ።»

የልጅቷ ጣቶች ባሉበት ቀሩ። «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለችና እጅጌዋን እስከ መዳፏ አወረደችው። «ራሴን ነው ያመመኝ። አሁን ትንሽ ተሽሎኛል።»

ራሳቸውን የሚጎዱ ወጣቶችን ስለ መርዳት በወሰደችው ስልጠና ከሁሉ በፊት በይው የተባለችው ነገር ሲስተር ጽጌማርያምን ትዝ ያላት ያኔ ነው። «የኔ እህት፣ ሳላማክርሽ ለማንም አልናገርም» አለች ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

ልጅቷ በሩ ላይ ደርሳ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ አለች። «እሺ ሲስተር፤ ሰላም ብላሃለች እለዋለሁ።»