የሚያስደነግጠውን የሚሰርዝ መጽሐፍ

ልጇ ረድኤት መጽሐፉን በሁለት ቀን መጨረሷን እታፈራሁ የመዳን ምልክት አድርጋ የወሰደችው ተሳስታ ነበር። በትምህርት ቤት መሳለቂያ ለሆኑ ልጆች በሐኪም የሚታዘዘው ይህ የልብ ወለድ መጽሐፍ የአንባቢውን የልብ ምት እያዳመጠ፣ የሚያስደነግጠውን ዐረፍተ ነገር ወዲያው ይሰርዛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናት ገለጠችው። ከሦስት መቶው ገጽ የተረፈው ዐሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ደመና፣ ስለ ዝናብና ስለ ባሕር ዛፍ ያወራል።

“ረዲ፣ የታሪኩ ሰዎችስ የት ገቡ?”

“ሰው ሲመጣ ልቤ ይመታላ፣ እማ። የባለታሪኳ ልጅ እናት ቆይታ ነበር፤ ትናንት እሷም ጠፋች።”

“እሷ ደግሞ ምን አደረገች?”

“ልጅቷን ‘ትምህርት ቤት እንዴት ዋልሽ?’ ብላ ጠየቀቻታ።”

እታፈራሁ ይህንኑ ጥያቄ ራት ላይ በጠየቀች ቁጥር የልጇ ዓይን ሳህኑ ላይ ተተክሎ እንደሚቀር አስታወሰች።

በማግስቱ የዚያኑ ልብ ወለድ አሮጌ የወረቀት ቅጂ ከጡረተኛው መምህር ጎረቤቷ ተውሳ መጣች፤ የክፍል ጓደኞቿ ባለታሪኳን ልጅ የሚያዋርዱበትን ምዕራፍም ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ረድኤት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ጥቂት ቆይታ፣ እጇን ሳታወርድ፣ “ከዚያስ ምን አለቻቸው?” ስትል ጠየቀች።

እታፈራሁ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበበችላት።