አራት ሚሊዮን በአንድ ገጽ

ማርሻል ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ ያነባል። ድምፁን ያጎረንናል።

«በዚያች ዕለት ሰማዩ ራሱ እሳት ሆነ፤ አራት ሚሊዮን የብርሃን ዘማቾች የጠላትን ፀሐይ እያዩ፣ ፈገግ እንዳሉ ወደቁ!»

እንድናደንቅለት ወረቀቱን ዝቅ ያደርጋል። ሥራ አስኪያጁ ራሱን እየነቀነቀ ያደንቅለታል። እኔ የጠረጴዛውን እግር አያለሁ።

ማርሻል ወታደር አይደለም፤ ደራሲ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ቢሮው ደግሞ አጸደቀልኝ። የጻፈው ዘመቻ ከኛ ፀሐይ ተነስቶ፣ ከኮከብ ኮከብ እየዘለለ፣ እምነቱን አልቀበልም ያለውን ዓለም ሁሉ እያነደደ ስድስት መጽሐፍ ሞልቷል። ይሄ ሰባተኛው ነው። ስድስቱንም ያረምኩት እኔ ነኝ። በስድስቱ ውስጥ ጫማ እግሩን የላጠው አንድ ሰው የለም። ሆዱን የቆረጠው የለም። ያ ሁሉ መርከብ ሲሠራ ሽንት ቤት ያስታወሰ ሰው መኖሩን እንጃ።

«አሁን ኅዳጉ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ» ይላል ለሥራ አስኪያጁ። እኔን በቀጥታ ማናገር ክብሩን የሚቀንስበት ይመስለዋል።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን ያስተካክልና በቀይ የጻፍኩትን ያነባል። «እነዚህን ማን ቀበራቸው?»

«ይሄ ምን ይባላል?» ይላል ማርሻል። «የፊደል ስህተት ነው? ሰረዝ ጎድሏል?»

«ጥያቄ ነው» እላለሁ። «ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ አራት ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ገጹን ስገልጥ የተረፉት እዚያው ሜዳ ላይ ተቀምጠው ይዘፍናሉ። ሬሳው የት ገባ?»

«እትዬ፣ ይተዉት በቃ» ይላል ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ።

ማርሻል በመጨረሻ ወደ እኔ ይዞራል። ጆሮዋ ለደከመ አሮጊት እንደሚናገር እየጎተተ ነው የሚናገረው። «እማማ፣ ይሄ ልብ ወለድ ነው። ትልቅ ነገር ነው የምጽፈው። አንባቢ ስለ ጉድጓድ ማንበብ አይፈልግም። ከቤትና ከቢሮ ሌላ ስለማያውቁ አልፈርድብዎትም።» ፊቱን ይመልሳል። «ወይ እሳቸው ይሂዱ፣ ወይ እኔ ስምንተኛውን ሌላ አሳታሚ ቤት ልውሰደው።»

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ እማማ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ጡረታዬ አሥር ወር ቀርቶታል፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ድርጅቱ በማን መጽሐፍ እንደቆመ ስለሚያውቅ ዓይኑን ከዓይኔ ያሸሻል። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን «ከቤትና ከቢሮ ሌላ» የምትለዋ ውስጤን ታንገበግበኛለች።

«አሥራ ዘጠኝ ሰው ቀብሬአለሁ» እላለሁ።

ሁለቱም ያዩኛል።

«ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ጦር ሜዳ ቁስለኛ ተሸካሚ ነበርኩ። ሦስት ሆነን ነው የቆፈርነው፤ አንዱ አካፋ ነበረው፣ ሁለታችን የቆርቆሮ ሳህን። መሬቱ ድንጋይ ነው። እስከ ሦስተኛው ድረስ እያለቀስን ነበር። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚከብድ፣ ማን እንደሚቀል ብቻ ነው ያወራነው። ከሰባተኛው ወዲያ ጉድጓዱ ጉልበት ድረስ ሆነ። ከአሥረኛው ወዲያ እዚያም አልደረሰ። አፋቸው አልገጠም ብሎን ነበር። አፈር ይገባል።»

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም፤ ሳልነግረው ሞተ። ልጆቼም አያውቁም። አሁን ለነዚህ ሁለት ሰዎች ለምን እንደምናገር እንጃ፤ ብቻ አፌ አንዴ ተከፍቷል። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ በእጁ ይዟል። ማርሻልም ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል። ፊቱ ላይ የነበረው ንቀት የለም። በሰባት መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ እያየኝ ነው። ለካ ይሄም ሰው ነው፣ እላለሁ በሆዴ።

«አፈር እንዳይገባ ምን አደረጋችሁ?» ይጠይቃል፣ ዝግ ብሎ።

«ፊታቸውን በመሀረብ ሸፈንን። መሀረቡ ሲያልቅ በየራሳቸው ካልሲ። አሥራ ሁለተኛው…»

አሥራ ሁለተኛው የአጎቴ ልጅ ነው። አንድ ቤት ያደግን፣ በአንድ ቀን የዘመትን።

«አሥራ ሁለተኛው…» እላለሁ ደግሜ፤ ያኔ እጁን አያለሁ። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራትን ገልብጦ ጀርባው ላይ እየጻፈ ነው። እርሳሱ ይሮጣል። «የቆርቆሮ ሳህን» ብሏል። «ካልሲ» ብሏል፤ ካልሲን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

«ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ!» ይላል ቀና ሳይል። «እንዴት ያለ ነገር ነው ደብቀውን የኖሩት! ስማ፣ እሳቸው የትም አይሄዱም። ስምንተኛውን አብረን ነው የምንሠራው። ይሄን አንዷ ፕላኔት ላይ አስገባዋለሁ። እሺ እማማ፣ አሥራ ሁለተኛውስ?»

ስሙ አፌ ላይ ደርሷል። የፊት ጥርሱ መሀል ያለችው ክፍተት፣ እናቴ የሠራችለት ሹራብ፣ ሹራቡን አውልቄ ላስቀረው ወይስ ከነሹራቡ ልቅበረው ብዬ የቆምኩባት ቅጽበት፣ ሁሉም መጥተዋል።

እውጣቸዋለሁ።

«ረሳሁት» እላለሁ።

«ትንሽ ያስቡ እስቲ። አይቸኩሉ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ማርሻል የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ ያረጥባል፤ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ውሃ የጠፋበት ሰው ቧንቧ እንደሚያይ አፌን ያያል።