ጎንበስ ብለው ይዩት፣ እትዬ

«ይሄን ሌባ ከድንኳኔ አስወጡልኝ...»

ወይዘሮ በለጡ ናቸው። አሶሳ ውስጥ፣ የአንድ ልጃቸው የኤልሳዕ ለቅሶ ላይ።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ መግቢያው ዞረ። ሌባ የተባለው መግቢያው ላይ የቆመው ሚፍታህ ነው፤ የድሮ ሾፌራቸው።

መኪናዬን አንድ ነገር ያደረገው እሱ ነው፣ ቂም ይዞ ልጄን ቀጠፈብኝ እያሉ ደረታቸውን መቱ።

ሚፍታህ ግን አልወጣም። ዓይኑ ቀልቶ እዚያው ቆመ።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ስሙኝ...

ወይዘሮ በለጡ ባላቸው ሲሞቱ ከሱቁ ጋር አንድ አሮጌ ፒካፕ ቀረላቸው። መኪናውን የሚነዳው ሚፍታህ ነበር።

ወደ ሸርቆሌ ሲሄድ ዱቄትና ዘይት፣ ሲመለስ ማንጎ... ሁልጊዜ ከአቅም በላይ።

ኤልሳዕን በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያመላለሰው፣ ሲያድግም መሪ ያስጨበጠው እሱው ነው።

ታዲያ በጭነቱ ብዛት የኋላ ጎማዎቹን የሚሸከመው ብረት ጎበጠ። ጎማዎቹ ተንጋደው ቆሙ። ከውስጥ በኩል ብቻ ያልቁ ጀመር።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው... ከውጭ ለሚያየው ሰው ጎማው አዲስ ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው።

ሚፍታህ ነገራቸው። ጭነት እንቀንስ፣ ብረቱ ይቃና፣ ጎማውም ይቀየር አለ።

ወጡና ቆመው አዩት። ሳቁ።

«ይሄ እኮ አዲስ ጎማ ነው። ልትሸጠው ነው አይደል?»

«ጎንበስ ብለው ከውስጥ ይዩት፣ እትዬ።»

ጎንበስ አላሉም። ጭቃ ነበር፣ ነጭ ለብሰው ነበር ይላሉ ጎረቤቶች። እኔ ምን አውቃለሁ... ልብ ካልፈለገ ወገብም አይታጠፍ።

እዚያው በሰው ፊት ሌባ ብለው ቁልፉን ተቀበሉት።

አሶሳ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ሌባ ለተባለ ሾፌር ማን ቁልፍ ይሰጣል? ሚፍታህ ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ቀረ።

ቁልፉ ለኤልሳዕ ተሰጠ። ጭነቱ ግን ያው ነው።

አንድ ቀን ማንጎ ጭኖ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ የኋላ ጎማው ፈነዳ። መኪናው ተገለበጠ። ልጁ ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም።

ወደ ድንኳኑ እንመለስ...

ከጥግ በኩል ዋቅሹማ ተነሳ። ጎሚስታ ነው፣ የዚያን መኪና ጎማ ሁልጊዜ የሚነፋና የሚጠግን።

«እትዬ፣ ኤልሳዕ ያውቅ ነበር» አለ።

ጎማው ከውስጥ በኩል አልቆ ሽቦው መውጣቱን በዓይኑ አሳይቼዋለሁ አለ። በዚህ ጎማ አትጫን፣ ለእናትህ ንገራቸው ብዬ ለምኜዋለሁ አለ።

ወይዘሮ በለጡ ድምፃቸው ወረደ። «እና... ምን አለህ?»

ዋቅሹማ መሬት መሬት እያየ መለሰ።

«‹ሚፍታህ ነግሯት ምን እንዳደረገችው አላየህም? እኔንም ሌባ ካለችኝ አልችለውም› አለኝ።»

እስቲ አስቡት... ልጁ ከሚፈነዳው ጎማ ይልቅ የፈራው የእናቱን አፍ ነው።

ወይዘሮ በለጡ አላለቀሱም። ተነስተው ወጡ። የተጨራመተው መኪና ተጎትቶ አጥሩ ሥር ቆሟል።

ካልፈነዳው የኋላ ጎማ ፊት ቆሙ። ከውጭ አሁንም አዲስ ነው።

ጎንበስ አሉ...

እጃቸውን ከውስጥ በኩል ሰደዱ። ሲያወጡት ሽቦው ቧጥጧቸው ጣታቸው ይደማል።

«ሚፍታህ... ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

ሚፍታህ ከኋላቸው ነበር።  

ክንዳቸውን ይዞ ሊያነሳቸው ሞከረ። አልተነሱም። አብሯቸው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ወገኖቼ...

እውነት የነገረንን ሰው አዋርደን ስናባርር፣ ቤት የቀሩት አይተው ዝም ማለትን ይማራሉ። እኛም ዝምታቸው ሰላም መስሎን ተኝተን እናድራለን።

እስቲ ልጠይቃችሁ... በእናንተ ቤት እናንተን ፈርቶ ዝም ያለው ማን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ወይም ኮሜንቱን ተዉትና ዛሬውኑ ሄዳችሁ እሱን ጠይቁት።