የመንገደኛ መሐላ

ኑርሁሴንና ሚስቱ ዓፊያ ከሚሴ የደረሱት ሙቀቱ ሲበረታ ነበር። የአሮጌ ሚኒባሳቸውን ወንበሮች አስነቅለው ፍራሽ፣ ቡታጋዝና ትንሽ ቁም ሳጥን አስገብተውበታል። ፍራሹ ላይ ውሻቸው ቦራ ይተኛል፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ድመታቸው። ከቤታቸው የወጡት በየሐይቁ ዳር ያሉትን ከተሞች ለማዳረስ ነበር። ባቱን፣ ላንጋኖንና ሐዋሳን አይተዋል። ላንጋኖ ላይ ቦራ ከቀበሮ ጋር ተናክሶ አፍንጫው ተጫጭሮ ነበር፤ ቁስሉ ቶሎ ሻረ። አሁን የቀራቸው ከደሴ ማዶ ያለው ሐይቅ ነው።

ከከተማው ወጣ ብለው፣ የጨፋ ሜዳ ላይ፣ ከአንድ የማሽላ ማሳ አጠገብ ለምሳ ቆሙ። ዓፊያ ለቦራ ውሃ አቀረበችለት። ሳህኑን በአፍንጫው ገፍቶ ደፋውና መኪናው ሥር ገባ። አገጩ በለሃጭ ርሷል። ድመቷም ከቁም ሳጥኑ ላይ አልወርድ አለች።

«ሙቀቱ ነው» አለ ኑርሁሴን። «የደጋ ውሻ ቆላ አይችልም።»

ብዙም ሳይቆይ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሰላምታ የሰጣቸው የለም። አንዱ ወደ ውስጥ አጮልቆ ሰው መደብ ላይ እየተኛ ውሻ በፍራሽ ይሄዳል አለ። ሌላው ለውሻውም መታወቂያ አውጥተውለት እንደሆነ ጠየቀና ሳቁ። ዓፊያ ሻርፗን ስታስተካክል አንዲት ሴት «እስላም ነሽ ደግሞ?» አለቻት።

ዓፊያ ፊቷን ወደ መኪናው መለሰች። በዚህ አገር ውሻ ደጅ ይጠብቃል እንጂ ከሰው ጋር እንደማይተኛ ታውቃለች። ጥላቻው ከዚያ የመጣ ነው ብላ ናቀችው።

ሪሀና የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ድመቷን ልትነካ በተከፈተው በር እጇን ሰደደች። ቦራ ከመኪናው ሥር ወጣና ሳይጮህ የእጇን አንጓ ነከሳት። ጥርሱ ቆዳዋን በጥቂቱ ነው የበሳው። ዓፊያ ቁስሉን ለቅለቅ አድርጋ በመሐረብ አሰረችላት፤ ቦራንም ጎትታ መኪናው ውስጥ ዘጋችበት።

የልጅቷ አባት ሸረፈዲን ዱላውን እንደያዘ ከማሳው መጣ። መጀመሪያ ከፊት ጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ አስገባ። ቀጥሎ ልጁን አየ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰሬሽን አውጪው» አለ ውሻውን በኦሮምኛ ጠርቶ።

ውሻው ያበደ ሊሆን ይችላል፤ አሁኑኑ ይገደል፣ ልጄም ለመርፌ ደሴ ትሂድ፣ አለዚያ እቀብራታለሁ አለ። ዓፊያ ውሻው የተከተበ መሆኑን ነገረችው። ቆይታም ሰው የሚጠላ ሰው ሁልጊዜ በውሻ እንደሚያመካኝ ጨመረችበት። ይህን ማለት አልነበረባትም። ሰዎቹ ተጠጉ፤ አንዱ መስኮቱን በመዳፉ መታው። ከውስጥ ቦራ በሻከረ ድምፅ መለሰለት።

«ያቺን በር ክፈቻት ብያለሁ» አለ ሸረፈዲን።

በዚህ መሐል የሰፈሩ ሽማግሌ ሸኽ አቡበከር ደረሱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሁለቱንም ወገን ሰምተው ሲያበቁ ወደ ዓፊያ ዞሩ።

«ልጄ፣ መከተቡን በአላህ ስም ማዪልን። የመንገደኛ መሐላ እኛ አንበረብርም። ዋሽተሽ ከሆነ ዳኛሽ እሱ ነው።»

ለሸረፈዲንም ነገሩት፤ እሷ ከማለች ነገሩ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ይዞ መርፌ ፍለጋ መሄድ የማለችን ሴት ውሸታም ማለት ነውና ማንም እንዳያደርገው። ሸረፈዲን ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

ዓፊያ ባሏን አየችው። ቦራን ወደ እንስሳት ሐኪም የሚወስደው እሱ ነው።

«አስከትበኸዋል አይደል?»

ኑርሁሴን ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ይመለከት ነበር። «አዎ» አለ።

«ወላሂ ተከትቧል» አለች ዓፊያ።

ሸኹ ደግመው ደጋግመው አስማሏት። ከዚያ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ ሰዉም አሚን አለ። ሸረፈዲን አሚን አላለም፤ ድንጋዩን ግን ራሱ አነሳ።

«ተመለሺ አንልሽም» አላት።

ሞተሩ ሲነሳ የልጅቷ እናት ፋይዛ ሪሀናን አዝላ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው።

«እቴ፣ ደሴን ታልፋላችሁ አይደል? እኔንና እሷን ሆስፒታሉ በር ላይ ጣሉን። ለባሌ እህቴ ጋ ሄድኩ እለዋለሁ።»

ዓፊያ አሰበች። ሆስፒታል ከደረሱ ፖሊስ ይጠራል፤ ቦራን ይወስዱባታል። የሰዎቹ ዱላም ገና ከዓይኗ አልጠፋም።

«ማልኩልሽ እኮ፣ እህቴ» አለቻትና መስታወቱን ዘጋች። ፋይዛ ጥቂት ከመኪናው ጎን ሮጣ ቀረች።

እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ዓፊያ ስለ ሰዎቹ ክፋት አወራች። ኑርሁሴን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነዳ። ደሴ ላይ ለነዳጅ እንኳ አልቆሙም።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ነፋሱ ቀዝቅዞ ነበር። ዓፊያ የኋላውን በር ከፈተች። ቦራ እየተንገዳገደ ወረደ። ትንሿ ሞገድ እግሩን ስትነካው ጉሮሮው ተኮማተረ፤ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ የገዛ እግሩን ነከሰ። ዓፊያ ውሃ በመዳፏ ጨልፋ ጠራችው። ውሻው ከመዳፏ ሸሸ። ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«የክትባቱ ዕለት ወረፋው ረጅም ነበር» አለ ኑርሁሴን። «ይዤው ተመለስኩ።»