በሩ ላይ የተጻፈው

በእግሯ ቁስል የምታነክስ ልጅ በሶዶ አዲሱ ሕክምና ቤት በር ላይ በጠመኔ የተጻፈውን እየጠቆመች፣ «እማዬ፣ ምን ይላል?» አለች። እናትየው ፊደል መቁጠር ከጀመረች ሁለት ወሯ ነበር። «መ፣ ር፣» ብላ ሦስተኛዋን ፊደል ስታይ ላብ አጠመቃት። መርፌ ካለቻት ልጅቷ እያነከሰችም ቢሆን መሮጧ ነው። «መርከብ!» አለች። «የዳሞታን ተራራ ተሻግሮ ከዋክብት ዘንድ የሚሄድ መርከብ።»

ሐኪሙ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ፣ «በሉ ተሳፈሩ!» ብሎ በሩን ከፈተ። በፕሪመስ ምድጃው ላይ መርፌዎቹ የሚፈሉበትን ድስት ለልጅቷ እያሳየ «ሞተሩ ይኼ ነው» አላት። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አሳርፎም፣ «ከዋክብቱ እየቀረቡ ነው» አለ። እናትየው የልጇን እጅ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ልጅቷ ተወግታ ጨርሳለች፤ አላለቀሰችም።

ሲወጡ ልጅቷ በሩ ጋ ቆመች። «እማዬ፣ ይቺ እኮ ‹ፌ› ናት። ስታጠኚ ከጎንሽ ሆኜ ለይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መርፌ መሆኑን ካወቅሽ ትሮጫለሽ ብዬ!»